ከሰፈር ውጭ ለተጣሉት የኖሩት ሐኪም
የዶክተር ቶማስ ላምቢ ሕይወትና ለዛሬዋ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ትምህርት



የዶክተር ቶማስ ላምቢን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር አያይዘን ነው። ወንጌል ወደ ወላይታ፣ ወደ ከምባታና ሀዲያ፣ ወደ ሲዳማ ሲገባ ፊት ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ እርሳቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ግን ብዙም ያልተነገረለትን የሕይወታቸውን ክፍል ማንሳት እንወዳለን። ይኸውም ሐኪም ሆነው በአገራችን በሠሩባቸው ዓመታት ደጋግሞ የገጠማቸው አንድ እውነት ነው፤ ሰው የሚታመመው በዓይን በማይታይ ተሕዋስ ብቻ ሳይሆን በሚኖርበት ቤት፣ በሰፈሩና ጎረቤቱ በሚያደርግበት ነገር ጭምር ነው።

በአብነትና በመርካቶ ዙሪያ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው ሲያድር የአንዱ ሳል ለሁሉም እንደሚተርፍ እናውቃለን። አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ ሲሆን፣ የክረምት ጎርፍም ቱቦውን ሞልቶ በደጅ ሲያልፍ ቀድሞ የሚታመመው ሕፃኑ እንደ ሆነ እናቶቻችን ያለ ሐኪም ያውቁታል። የዶክተር ላምቢን ታሪክ በዚህ ዓይን እንድታነቡልን እንለምናለን።

ጥሪና ዝግጅት

ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1907 እንደ ተመረቁ፣ ገና ወጣት ሳሉ የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ሆነው ወደ ሱዳን ሄዱ። በደቡብ ሱዳን በሶባት ወንዝ ዳር በናስር እየኖሩ የወንዙን አካባቢ ሕዝብ ሲያክሙ ብዙ ዓመታት አሳለፉ። ወባ፣ ቁስልና የሆድ በሽታ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነበር። ናስር ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ስለ ሆነች ከተራራው ማዶ ስላለው አገር ሁልጊዜ ይሰሙ ነበር። በሩን የከፈተላቸው ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ነበር።

ወረርሽኙ የከፈተው በር

እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችንም ገባ። አባቶቻችን የሕዳር በሽታ ይሉታል፤ በሕዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ በርትቶ ነበርና። በከተማይቱ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአንድ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ውኃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድና ሬሳ የሚቀብር ሰው ይጠፋ ነበር።

ሕዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ፣ ሕዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ መከራ መታሰቢያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዛሬ እንደምናውቀው ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በጉድፍ ክምር አይደለም፤ ጭሱም ለሳንባ አይበጅም። ሆኖም በልማዱ ውስጥ ማስተዋል አለ። ሕዝቡ የአንዱ ቤት ጤና ከሌላው ቤት ጤና ጋር የታሰረ መሆኑን ተረድቶ፣ ሰፈሩን በአንድነት ለማጽዳት ወጥቷል።

በሽታው በምዕራብ ወለጋም ብዙ ሰው ፈጀ። የሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ገዢ ከድንበር ማዶ ሐኪም መኖሩን ሰምተው መጥቶ ሕዝቡን እንዲረዳ ጠየቁ። ዶክተር ላምቢም እ.ኤ.አ. በ1919 ከባለቤታቸው ከቻርሎትና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሳዮ ወጡ። በዚያ የተጀመረው ሕክምናና የወንጌል ሥራ በኋላ ለቤቴል ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሆነ። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋው ቄስ ጊዳዳ ሶለን የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው። ፈንጣጣ ብርሃናቸውን ቢወስድም ለብዙዎች የወንጌል ብርሃን ተሸካሚ ሆነዋል።

ጉለሌ ላይ የቆመው ሆስፒታል

ከዚያ በኋላ ዶክተር ላምቢ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በጎሬ አለፉ። የአገሩ ገዢ ራስ ናደው በጆሮአቸው በገባ ጢንዚዛ እየተሠቃዩ ነበር። ሐኪሙ ጢንዚዛውን አወጡላቸው። ራስ ናደውም በጣም ደስ ብሎአቸው ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ ስለ እርሳቸው መልካም ቃል ላኩ። እግዚአብሔር ትልቅ ደጅ በትንሽ ነገር ይከፍታል።

ራስ ተፈሪ በዋና ከተማይቱ ሆስፒታል እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው። ጆርጅ የተባሉ አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ገንዘቡን ሰጡ፤ ሆስፒታሉም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በጉለሌ ተሠራ። ይህ ስፍራ በኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆኖ ስለ ነበር ዛሬም በአካባቢው ሰው ዘንድ ፓስተር በመባል ይታወቃል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘውም በዚያው በጉለሌ ነው። ከመርካቶ ወደ ሰሜን ጥቂት ብንሄድ እናገኘዋለን። አንድ ሚስዮናዊ ሕሙማንን አንድ በአንድ ሊያክም በጀመረበት ሰፈር፣ ዛሬ የአገር ሁሉ ወረርሽኝ ይመረመርበታል።

ሆኖም ላምቢ በከተማ ሆስፒታል ብቻ መቀመጥ አልፈለጉም። ወንጌል ያልደረሳቸው የደቡብ ሕዝቦች ሸክም ሆነውባቸው ነበር። ከአልፍሬድ ባክስተን ጋር ሆነው አዲስ የሚስዮን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1927 ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ ማለትም ከኤስ.አይ.ኤም.፣ ጋር ተዋሐደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው በ1928 በበቅሎ ወደ ደቡብ ተጓዙ። በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳማ የተከፈቱት ጣቢያዎች ታሪክ በሌሎች ጽሑፎች በሰፊው ስለ ተነገረ በዚህ አንደግመውም።

ከሰፈሩ ውጭ የተጣሉት

በአዲስ አበባ ዶክተር ላምቢን ያላስተኛቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነገር ነበር። በእንጦጦና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ፣ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚለምኑት ብዙዎች ነበሩ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ገጠር የመጡ ናቸው። ሕመሙ ከታወቀባቸው በኋላ በአገራቸው መኖር አልቻሉም። ሕዝቡ ደዌው በዘር የሚወርድ ወይም እርግማን ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ከእነርሱ ጋር መጋባት ቀርቶ አብሮ መብላትም ይፈራ ነበር። በሐረር ካቶሊክ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1901 የከፈቱት የሥጋ ደዌ መንደር ነበረ፤ በዋና ከተማይቱ ግን እነዚህን ሰዎች የሚያስጠጋ ሆስፒታል አልነበረም።

እዚህ ላይ የበሽታውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኙት። በሽታው እንደሚታሰበው በቀላሉ አይተላለፍም። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስት ያህሉ ተሕዋሱን የሚቋቋም የተፈጥሮ አቅም አለው። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ በመኖር ነው፤ እስኪገለጥም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ጠባብና የተጨናነቀ ቤት፣ የምግብ እጥረትና ድህነት ባለበት ይበረታል። በራሷ በኖርዌይ በሽታው መድኃኒት ሳይገኝለት የሕዝቡ ኑሮ እየተሻሻለ ሲሄድ እየቀነሰ መጣ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይልቅ ልብ ይነካል። ጣትና እግር የሚጎድለው ተሕዋሱ ሥጋን ስለሚበላ ይመስለን ነበር። በሽታው ግን ነርቭን ጎድቶ ሕመም እንዳይሰማ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጉዳቱን የሚያደርሰው የዕለት ኑሮ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ እያመረቀዘ አጥንት ይደርሳል። በጉልቻ ላይ የምታበስል ሴት የጋለ ድስት ስትይዝ እጇ እየተቃጠለ አታውቅም። ለልመና ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የቆሰለ እግሩን ማሳረፍ አይችልም፤ ካረፈ አይበላም። ይህን በሕንድ አገር በምርምር ያሳዩት አማኙ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። እንግዲህ ጫማ ያለውና ጫማ የሌለው፣ ቤት ያለውና በደጅ የሚያድር፣ አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ፍጻሜያቸው ይለያያል ማለት ነው።

በዶክተር ላምቢ ዘመን ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ሕመሙ ብዙ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ሐኪሙ ግን መድኃኒት እስኪገኝ ልጠብቅ አላሉም። ቁስል የሚታጠብበት፣ ሰው በአልጋ የሚተኛበት፣ ምግብና ሥራ የሚያገኝበት ስፍራ ያስፈልጋል ብለው ተነሡ። በአሜሪካ ያለው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሚስዮን ገንዘብ ረዳ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1934 ከከተማይቱ በስተደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ቆመ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅም ስም ተጠራ።

የውጭ ዜጋ መሬት መያዝ የማይችልበት ዘመን ስለ ነበር፣ ዶክተር ላምቢ ለሥራው መሬት በሕግ እንዲገኝ ሲሉ በዚያው በ1934 የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከሰፈራቸው ለተባረሩ ሰዎች ሰፈር ለማግኘት ሐኪሙ የራሳቸውን አገር ለቀቁ።

ጦርነትና ፈተና

እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን አገራችንን ሲወር አዲስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዶክተር ላምቢ ነበሩ። የሕክምና ቡድኖችን ወደ ግንባር ልከዋል፤ ስለ ቦምቡና ስለ መርዝ ጋዙም ለዓለም አሳውቀዋል።

አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ ግን የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ሚስዮናውያኑ በአገሩ እንዲቆዩ ተስፋ በማድረግ ለጣልያን ገዢዎች ተገዙ፤ ስለ መርዝ ጋዙ የተናገሩትንም በደብዳቤ መልሰው ሳቡት። ተስፋው ግን አልተፈጸመም፤ ሚስዮናውያኑ ተባረሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ነገር አዘኑባቸው። ዶክተር ላምቢ ዜግነቷን ወደ ወሰዱባት፣ እጅግ ወደ ወደዷት አገር ለአገልግሎት መመለስ አልሆነላቸውም።

ይህን የምንጽፈው የእግዚአብሔርን ሰው ለማዋረድ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትንም የጴጥሮስንም ውድቀት አልሸሸገም። እግዚአብሔር የሚሠራው በደካማ ዕቃ ነው።

ላምቢ በእርጅናቸው ሥራ አልተዉም። በቤተ ልሔም አጠገብ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የጠባብ ቤትና የድህነት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1954፣ የትንሣኤ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኢየሩሳሌም በአትክልቱ ስፍራ መቃብር ለበዓሉ አምልኮ ሲዘጋጁ ሳለ በድንገት ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ባዶውን መቃብር እያዩ ማረፍ ለአንድ አማኝ እንዴት ያለ ጸጋ ነው!

ከሐኪሙ በኋላ የሆነው

ዶክተር ላምቢ የዘሩት ዘር አልጠፋም። ኤስ.አይ.ኤም. በሻሸመኔም በወሎ ቦሩ ሜዳም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አገልግሏል። በዘነበወርቅ ሆስፒታል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ፤ ከብዙ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች የተማሩበት ማዕከል ሆነ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀናጀ መድኃኒት ስለ ተገኘ ሥጋ ደዌ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል። ሕክምናው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይፈጃል፤ በነጻ ይሰጣል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ የታሪኩ ሌላ ገጽታም አለ። ሕክምና ፍለጋ ከሩቅ የመጡት ሰዎች ከዳኑም በኋላ ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። ዘመድ አልተቀበላቸውም። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። የዘነበወርቅ ሰፈር እንዲህ አደገ። ከዚያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተማይቱ የቆሻሻ መጣያ ስትፈልግ የመረጠችው በዚያው ሰፈር አጠገብ ያለውን ስፍራ ነው፤ ቆሼ የምንለውን። በሽታቸውን ፈርተን ወደ ዳር የገፋናቸው ሰዎች ባሉበት ዳር ቆሻሻችንን ደፋንበት። የመርካቶና የአብነት ጉድፍ ሁሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጫነው ወደዚያ ነበር። እኛ ደጃችን ሲጸዳ የእነርሱ ደጅ ይሞላ ነበር። ከሕሙማኑና ከልጆቻቸው ብዙዎች ኑሮአቸውን ከክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ በመልቀም መሠረቱ። ጢሱ፣ ሽታው፣ ዝንቡና የተበከለው ውኃ ሌላ በሽታ ጨመረባቸው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በሥሩ ባሉ ቤቶች ላይ ወረደ። ከአንድ መቶ አሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ተሕዋስ አልገደላቸውም። የገደላቸው እንዲኖሩበት የተተወላቸው ስፍራ ነው።

መድኃኒቱ ከተገኘ ዓመታት ቢያልፉም በአገራችን በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይገኛሉ። ብዙዎች ዘግይተው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ኀፍረትና መገለል ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ የተደበቀ ሰው ነርቩ ከተጎዳ በኋላ ይመጣል። መገለል ራሱ አካል ጉዳተኛ ያደርጋል ማለት ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

በሙሴ ሕግ ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ ነበር። ምሁራን እንደሚያስረዱት በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመምን የሚያጠቃልል ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ አንድ ጌታችን እንዲህ ያለውን ሰው ሊፈውሰው ዳሰሰው። ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ እርሱ ግን እጁን ዘረጋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሉ፤ ሰውዬው ወደ ሕዝቡ ሲገባ ኢየሱስ ወደ ከተማ በግልጥ መግባት አልቻለም፤ በውጭ በምድረ በዳ ቆየ። ቦታ ተለዋወጡ። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13ም ጌታ ከበር ውጭ መከራን እንደ ተቀበለ፣ እኛም ወደ እርሱ ከሰፈሩ ውጭ እንድንወጣ ያሳስበናል።

በመጀመሪያ አንደበታችንን እንመርምር። እኛ ሰባኪዎች ለምጽን የኃጢአት ምሳሌ እያደረግን ስንሰብክ በጉባኤው መካከል ይህ ሕመም የደረሰበት ወንድም ወይም እህት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለ ኃጢአት ለመስበክ የእርሱን ቁስል መዋስ አያስፈልገንም። ሰውን በሕመሙ መጥራትም ከክርስቲያን ቤት ይውጣ።

ሁለተኛ፣ በሰውነታችን ላይ የደበዘዘና ንክኪ የማይሰማው ምልክት ስናይ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ሌላውንም እንምከር። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ዶክተር ላምቢ በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው መርፌ ይዘው ነበር።

ሦስተኛ፣ የታመመ አማኝ ልንጠይቅ ስንሄድ ጸልየን ብቻ አንመለስ። ቤቱን እንመልከት። መስኮት አለው? ጣሪያው ያፈሳል? ውኃ ከየት ያመጣሉ? ከሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ጋር ስንት ልጆች ይተኛሉ? የወጣቶች ኅብረት አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ግድግዳ ቢከፍትና መስኮት ቢያበጅ፣ የእናቶች ኅብረት መጸዳጃ ለሌለው ግቢ ገንዘብ ቢያዋጣ፣ ይህም የፈውስ አገልግሎት ነው።

አራተኛ፣ ከደጃችን የምናወጣው ቆሻሻ በማን ደጅ እንደሚያርፍ እናስብ። ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንወድ ዘንድ የታዘዝነው እኛ፣ ባልንጀራችን በከተማይቱ ዳር የሚኖረውም ጭምር መሆኑን አንርሳ።

ዶክተር ላምቢ ፍጹም ሰው አልነበሩም። መድኃኒትም በእጃቸው አልነበረም። ነገር ግን የተጣሉት ወዳሉበት ሄደዋል። እኛ ዛሬ መድኃኒቱ አለን። የጎደለን ወደዚያ መሄዱ ነው።

ጌታ ይርዳን። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።